ያለቀ ጎማ ምን ይናገራል?

ማንበብ ለሥራ፦ የዚህ ሳምንት ትምህርት

ባለፈው ሳምንት በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን እንዴት እንደምናነብ ተመልክተናል። ዛሬ ደግሞ ጎማ እናነባለን።

«ጎማም ይነበባል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ ይነበባል። ጎማ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ አለው። አንደኛውን የጻፈው ፋብሪካው ነው። ይህ በጎማው ጎን ላይ ያለው ፊደልና ቁጥር ነው። ሁለተኛውን የሚጽፉት መንገዱ፣ ጭነቱና ነፋሱ ናቸው። ይህኛው ፊደል የለውም። ጎማው የት የት እንደተበላ በማየት ይነበባል።

ጎማ የባለመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በገበያ ቀን እህል የሚያመላልሰው ጋሪ የሚጫማው አሮጌ የመኪና ጎማ ነው። ባጃጅም፣ ሞተር ብስክሌትም፣ ተራ ብስክሌትም ያለ ጎማ አይሄዱም። በአውቶቡስ የምንሳፈረውም ሰዎች ሕይወታችንን የምናስቀምጠው በጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ለሁላችንም ይጠቅማል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ጎማ ያለ ጊዜው ሲያልቅ፣ ወይም አንድ ጎኑ ብቻ ሲበላ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጎማው አይደለም። ጎማው ምስክር ነው። ጥፋተኛው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጥፋተኛውን ሳይፈልጉ አዲስ ጎማ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

የጎማን አካል እንወቅ

የውጪው ወፍራም ላስቲክ ጎማ ይባላል። መሬት የሚነካው ክፍል ጉብ ጉብ ያለ ነው። ጉብታዎቹን ጥርስ እንላቸዋለን። በጥርሶቹ መካከል ቦይ አለ። ቦዩ የዝናብ ውሃና ጭቃ ያስወጣል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ይንሸራተታል።

የጎማው ግራና ቀኝ ጎን ይባላል። ጎኑ ከጥርሱ በኩል ይልቅ ስስ ነው። ሲሄድ የሚታጠፈውና የሚዘረጋው እርሱ ነው።

በውስጥ ያለው ነፋስ የሚይዝ ስስ ላስቲክ ከመነዳሪ ይባላል። ነፋስ የሚገባበት ትንሽ ቧንቧ ቫልቮላ ነው። ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት ቸርኬ ይባላል። በቸርኬው መሐል እንደ ልብ እንዲዞር የሚያደርገው ኩሽኔታ ነው። ቸርኬውን አጥብቀው የሚይዙት ዳዶዎች ናቸው። የሚጠግነው ባለሙያ ደግሞ ጎሚስታ ይባላል። ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ከመነዳሪ የሌለው ጎማም አለ። በዚህ ዓይነቱ ጎማ ነፋሱን የሚይዙት ጎማውና ቸርኬው ተጣብቀው ነው። የዛሬ ትንንሽ መኪናዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ጎማ አላቸው።

ጭነቱን የሚሸከመው ነፋስ ነው

ብዙ ሰው ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ይመስለዋል። አይደለም። ላስቲኩ ከረጢት ነው። የሚሸከመው በውስጡ የታመቀው ነፋስ ነው።

ድሮ የሠረገላ እግር እንጨትና ብረት ነበር። ቀጥሎ ድፍን ላስቲክ መጣ። ሮበርት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ በነፋስ የተሞላ ጎማ አስቦ በ1845 (በአውሮፓ አቆጣጠር) አስመዘገበ። ግን ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የቤልፋስት ከተማ ሰው ያንኑ ሐሳብ እንደገና አስመዘገበ። የጀመረው ለትንሽ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የነፋስ ጎማ በዓለም ተስፋፋ። ደንሎፕ ሥራው ምን ነበር ብትሉ፣ የእንስሳት ሐኪም ነበር።

የነፋስ መጠን በመለኪያ ይነበባል። በመለኪያው ላይ «ባር» ወይም «ፒኤስአይ» የሚባል ቁጥር አለ። 1 ባር 14 ተኩል ፒኤስአይ ያህል ነው። ለትንሽ የቤት መኪና ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 2 ተኩል ባር ይበቃዋል። የጭነት መኪና ከዚህ በጣም የበለጠ ይፈልጋል። ለመኪና ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛ መጠን ደግሞ በጎማው ጎን ላይ ይጻፋል። ከዚያ ማለፍ አይገባም።

ነፋስ የሚለካው በማለዳ፣ ጎማው ሳይሄድ ነው። ጎማ ሲሄድ ይሞቃል። ሲሞቅ ነፋሱ ይጨምራል። በሞቀ ጎማ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ አይተው ነፋስ ቢያስተነፍሱ፣ ሲበርድ ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል።

አምስቱ የጎማ መልኮች

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ። ጎማውን በብርሃን ተመልከቱ። ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ እዩ። ከዚያ ጎማውን እያዞራችሁ ዙሪያውን እዩ። እጃችሁን ስታሳርፉበት በቀስታ ይሁን። ሚስማር ወይም የወጣ ሽቦ ሊኖር ይችላል።

አንደኛ መልክ፦ ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መሐሉ ደህና ነው። ይህ ጎማ «ነፋስ አንሶኛል» ይላል። እህል የጎደለበት ስልቻ ሲያስቀምጡት መሐሉ ይሰረጉዳል። ነፋስ የጎደለው ጎማም እንዲሁ ነው። መሐሉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጭነቱ በጠርዞቹ ላይ ይወድቃል። ጎኑም በየዙሩ ብዙ ስለሚታጠፍ ይግላል። በጣም የጋለ ጎማ በመንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በጋሪ ላይ ከሆነ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው እንስሳው ነው። የተነፈሰ ጎማ መሬት ይዞ ይጎትታል። ፈረሱ ወይም አህያው በደልዳላ ሜዳ ላይ ዳገት የሚወጣ ያህል ይለፋል።

ሁለተኛ መልክ፦ መሐሉ አልቆ ጠርዞቹ ደህና ናቸው። ይህ ደግሞ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። «ነፋስ በዝቶብኛል» ይላል። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ መሐሉ እንደ ሆድ ይወጣል። መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል። ድንጋይ ሲመታውም ቶሎ ይቆረጣል። «ጠንካራ ይሁን» ብሎ አብዝቶ ማስነፋት ጎማውን አያጠነክረውም።

ሦስተኛ መልክ፦ አንድ ጎን ብቻ አልቋል። ይህ በጋሪም በመኪናም ብዙ ጊዜ ይታያል። ጎማው ቀጥ ብሎ አልቆመም ማለት ነው። ወይ ተንጋዷል፣ ወይ አቅጣጫው ተጣሟል። በመኪና ላይ መድኃኒቱ አላይመንት ይባላል። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙና እንዲሄዱ በመሣሪያ ማስተካከል ማለት ነው። በጋሪ ላይ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው ሁለቱን ቸርኬዎች በሚያገናኘው ብረት ወይም በኩሽኔታው ነው።

አራተኛ መልክ፦ ጥርሱ እንደ መጋዝ ሆኗል። መዳፋችሁን በጥርሱ ላይ ከውጪ ወደ ውስጥ አሳርፉ። ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጪ አሳርፉ። በአንዱ በኩል ለስላሳ፣ በሌላው በኩል ስለታም ከሆነ ጎማው ወደ ጎን እየተፋተገ ነው የሚሄደው። የሁለቱ ጎማዎች አቅጣጫ አልተስማማም። ሁለት በሬዎች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ቢጎትቱ እርሻው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

አምስተኛ መልክ፦ ዙሪያው ቦታ ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ይህ ጎማ እየዘለለ ነው የሄደው። በመኪና ላይ ንዝረት የሚያበርደው ክፍል ደክሞ ይሆናል። የጎማው ባላንስ ተበላሽቶ፣ ወይም ኩሽኔታው ላልቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ብቻ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተበላ ግን ፍሬን በድንገት ተይዞ ጎማው ሳይዞር ተጎትቷል ማለት ነው።

ሦስት ጎማ በአንድ ዓመት

በምናስተምርበት ቀበሌ አንድ ባለጋሪ አሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አልፏል። ከገበያ ወደ ወፍጮ ቤት እህል ያመላልሳሉ። የግራው ጎማ ሳይቀየር የቀኙ ጎማቸው በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አለቀ። በሦስተኛው ጊዜ ጎሚስታው ዘንድ ሄደው እንዲህ ተባባሉ።

— ልጄ፣ ደህና ጎማ ስጠኝ። ያለፈው የማይረባ ነበር።

— ጋሼ፣ ጎማው እኮ ምንም አላጠፋም። እስቲ ይህንን ይዩት። በውስጥ በኩል ሽቦው ወጥቷል። በውጪ በኩል ግን ጥርሱ እንዳለ ነው።

— እና ምን ማለት ነው?

— ቀጥ ብሎ አልሄደም ማለት ነው። ስንት ኩንታል ይጭናሉ?

— እንደ ገበያው ነው። በመከር ጊዜ ስምንትም ዘጠኝም ይሆናል።

— እንግዲያው ጎማ ከመግዛትዎ በፊት ብረቱን እንየው።

— አንተ ጎማ መሸጥ አትፈልግም እንዴ?

— እሸጥልዎታለሁ ጋሼ። ግን በአራት ወር ተመልሰው መጥተው እንዲቆጡኝ አልፈልግም።

ፈረሱን ፈትተው ጋሪውን ሜዳ ላይ አቆሙት። በክር ድንጋይ አስረው ለኩት። የቀኙ ቸርኬ አናቱ ወደ ውስጥ ተጋድሟል። ብረቱ ከጭነት ብዛት በቀኝ በኩል ጎብጧል። ለዚህ ነው የውስጡ ጠርዝ ብቻ መሬት የሚይዘው።

ጎሚስታው ሌላም ነገር አሳያቸው። የፈረሱ ትከሻ በአንድ በኩል ቆስሏል። ባለጋሪው ቁስሉን የጠፍሩ ጥፋት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጠፍሩንም ሁለት ጊዜ ቀይረዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የተጣመመው ጎማ ጋሪውን ወደ ቀኝ ይስባል። ፈረሱ ጋሪውን ቀጥ ለማድረግ ቀኑን ሙሉ በአንድ ትከሻው ይታገላል። ጎማውን የበላው ጉብጠት የፈረሱንም ቆዳ በልቷል።

ባለጋሪው ብረቱን ብየዳ ቤት ወስደው አቀኑት። የከፈሉት ከአንድ ጎማ ዋጋ ያነሰ ነው። ጭነቱንም ቀነሱ። ፈረሱንም ቁስሉ እስኪድን አሳረፉት። አራተኛው ጎማ ዛሬ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጥርሱም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ነው።

በክርና በድንጋይ የሚደረግ ፍተሻ

ይህንን ፍተሻ ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። መጀመሪያ እንስሳውን ፍቱ። ጋሪውን በደልዳላ ቦታ አቁሙ። የጋሪው አልጋ አግድም እንዲሆን ከፊትና ከኋላ ደግፉት።

ፍተሻ 1፦ ቀጥ ብሎ ቆሟል? ግንበኛ ግድግዳ የሚለካበትን ቱንቢ ታውቃላችሁ። ቱንቢ ከሌለ በክር ጫፍ ድንጋይ እሰሩ። ክሩን ከጎማው ውጪ በኩል አንጠልጥሉ። ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይ ከንፈር ያለውን ርቀት ለኩ። ከክሩ እስከ ቸርኬው የታች ከንፈር ያለውንም ለኩ። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ቸርኬው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የላዩ ርቀት ከበለጠ አናቱ ወደ ውስጥ ተጋድሟል። ባዶውንም፣ ጭነት ጭናችሁም ለኩ። ሲጫን ብቻ የሚጎብጥ ብረት አለና።

ፍተሻ 2፦ ሁለቱ ጎማዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ? ክር ውሰዱ። በፊት በኩል ከቀኙ ቸርኬ እስከ ግራው ቸርኬ ለኩ። በኋላ በኩልም እንዲሁ ለኩ። ሁለቱንም ጊዜ በቸርኬው እምብርት ቁመት ላይ ይሁን። የፊቱና የኋላው እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ ጎማዎቹ እየተፋተጉ ነው የሚሄዱት።

ፍተሻ 3፦ ኩሽኔታው ላልቷል? ጋሪው እንዳይንቀሳቀስ ሌላውን ጎማ በድንጋይ አግዱት። አንዱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ ከሥሩ ግንድ አስገቡ። ጎማውን በአናቱና በግርጌው ይዛችሁ ወዝውዙት። «ቋ ቋ» ካለ ወይም ከተወላገደ ኩሽኔታው ይጠበቅ ወይም ይቀየር። ጎማውን ስታሽከረክሩት እንደ ወፍጮ ከፈጨም ኩሽኔታው ደርቋል። ግራሶ ያስፈልገዋል።

ብረቱ ከተቃና በኋላ አንድ ጎኑ ብቻ ያለቀውን ጎማ ወዲያው አትጣሉት። ሽቦው ወይም የውስጡ ክር ካልወጣ፣ ከቸርኬው አውጥታችሁ በጀርባው ገልብጡት። የውጪው ጎን ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጪ ይሆናል። ያልተበላው ግማሽ ገና ያገለግላል። ብረቱ ሳይቃና ከገለበጣችሁት ግን እርሱም እንደ ፊተኛው ያልቃል።

ሁለቱ የጋሪ ጎማዎች ትልቅና ትንሽ እንዳይሆኑም ተጠንቀቁ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ከሆነ ጋሪው ያዘነብላል። ጭነቱ በትንሹ ላይ ያርፋል።

ጎማ ሲተነፍስ

ጎማ በብዙ ምክንያት ይተነፍሳል። ሚስማር፣ እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ ይወጋዋል። ቫልቮላው ያሾልካል። የዛገ ቸርኬ ከመነዳሪውን ይፍቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቫልቮላውን መርምሩ። ጫፉን በምራቅ ወይም በሳሙና ውሃ አርሱት። አረፋ ካወጣ ችግሩ እዚያ ነው። ቁልፉን ማጥበቅ ወይም መቀየር ብቻ ይበቃል።

የተነፈሰ ጎማን ይዞ መሄድ ክፉ ልማድ ነው። «ከተማ እስክደርስ» እየተባለ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሄዱበት እንኳ ቸርኬው ከመነዳሪውን ይቆራርጠዋል። የጎማውም ጎን ይሰነጠቃል። በአንድ ልጣፍ የሚድን ነገር በአዲስ ጎማ ይተካል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

ከመነዳሪ የሚለጠፈው እንዲህ ነው።

1. ከመፍታታችሁ በፊት ቫልቮላው ባለበት አንጻር ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

2. የቀረውን ነፋስ በሙሉ አስወጡ። ከመነዳሪውን አውጡ።

3. ከመነዳሪውን ትንሽ ንፉትና በውሃ ውስጥ ክፍል በክፍል ንከሩት። አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በእስክሪብቶ ክበቡት። አንድ ቀዳዳ አገኘሁ ብላችሁ አታቁሙ። እስከ መጨረሻው ፈትሹ።

4. የወጋውን ነገር ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ሚስማሩ ጎማው ውስጥ ከቀረ የተለጠፈውን ከመነዳሪ እንደገና ይወጋዋል። በጠመኔ ያደረጋችሁት ምልክት የሚጠቅመው አሁን ነው። ከመነዳሪውን እንደነበረ ከጎማው ጋር ብታስተያዩት ቀዳዳው ሚስማሩ ያለበትን ቦታ ይጠቁማችኋል። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ አብሱ። ጨርቁ ያዝ ባደረገበት ቦታ ተመልከቱ። በባዶ እጅ አትዳብሱ።

5. የቀዳዳውን ዙሪያ አድርቁ። በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ እስኪሆን ፈትጉት። አቧራውን አራግፉ።

6. ማስቲሽ በስሱ ቀቡ። ጣት ሲነካው እስከማይጣበቅ ድረስ ጠብቁ። አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ማስቲሽ በእሳት ይያያዛል፤ ሲጋራና ክብሪት ይራቅ።

7. ልጣፉን አድርጉና ከመሐል ወደ ዳር አጥብቃችሁ ተጫኑት። ጎሚስታ ቤት በጋለ ብረት ተጭኖ የሚለጠፍም አለ። እርሱ የበለጠ ይይዛል።

8. እንደገና ነፍታችሁ በውሃ ፈትሹ። ካላሾለከ ወደ ጎማው መልሱት። ስትመልሱት እንዳይጣጠፍና በብረት እንዳይቆነጠጥ ተጠንቀቁ። ቫልቮላው ቀጥ ብሎ ይውጣ።

ከመነዳሪ የሌለውን ጎማ ጎሚስታ ከውጪ በላስቲክ ክር ይደፍነዋል። ይህ ለጊዜው ይረዳል። ደህናው ጥገና ግን ጎማው ተፈትቶ ከውስጥ ሲለጠፍ ነው።

የማይጠገን ጎማም አለ። ጎኑ የተቀደደ፣ ጎኑ እንደ እብጠት ያበጠ፣ ወይም ሽቦው የወጣ ጎማ በመኪና ላይ ከእንግዲህ አይሄድም።

ነፋስ ሲሞላ አደጋ አለ

ይህንን ክፍል በጥንቃቄ አንብቡት፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ። የታመቀ ነፋስ ኃይሉ ብዙ ነው። በተለይ በአንዳንድ የጭነት መኪና ቸርኬ ላይ ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት አለ። ቀለበቱ በደንብ ካልገባ፣ ነፋስ ሲሞላ ተፈናጥሮ ይወጣል። ሰው ይገድላል። ስለዚህ ነፋስ ሲሞላ ማንም ሰው ከቀለበቱ ፊት ለፊት አይቁም፤ አይጎንበስበትም። በጎማ ቤት ደጃፍ ልጆች አይጫወቱ።

ተሳፋሪስ ምን ያድርግ?

መኪና ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ጎማውን እዩ። በቦዩ ውስጥ በየቦታው ዝቅ ያለች ትንሽ የላስቲክ ጉብታ አለች። ቁመቷ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከክብሪት እንጨት ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። የጎማው ጥርስ ከእርሷ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ሾፌሩን በትሕትና ጠይቁት። ጥያቄው ነውር አይደለም።

በመንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስ ተሳፋሪው ይውረድ፤ ከመንገድ ይራቅ። መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቁም። ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ። ዳዶዎቹ ላላ የሚደረጉት በክሪክ ከመነሣቱ በፊት ነው። ክሪኩ ጠንካራ መሬት ላይ ይቁም። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ስኮርታው ጎማ ከገባ በኋላ ዳዶዎቹ በዙሪያ ተራ አይጠበቁም። አንዱን፣ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን እየተባለ ነው። ጥቂት መንገድ ከተሄደ በኋላም እንደገና ይጠበቃሉ። ለመንገደኞች ምልክት ተብሎ አስፋልት ላይ የተቀመጠው ድንጋይም ተነሥቶ ነው የሚሄደው። የተረሳ ድንጋይ በጨለማ ሌላ ሰው ይገድላል።

ፋብሪካው የጻፈውን እናንብብ

አሁን የተማራችሁት ቁጥር ሥራ ላይ ይዋል። በጎማው ጎን ላይ ብዙ ቁጥር አለ። ሁለቱ ይበቁናል።

የመጀመሪያው የቸርኬ ልክ ነው። «አር» ከምትባለው የላቲን ፊደል ቀጥሎ 13፣ 14 ወይም 15 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ይህ ከቸርኬው ዳር እስከ ዳር በመሐሉ በኩል ያለው ልክ (ዲያሜትር) በኢንች ነው። 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። 14 የሚል ጎማ ለ14 ቸርኬ ብቻ ነው የሚሆነው። ለ15 አይሆንም።

ሁለተኛው ጎማው የተሠራበት ጊዜ ነው። ከ2000 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ ብዙ ጊዜ በትንሽ ሞላላ ክበብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2315 ቢል፣ 23 ሳምንቱ ነው፤ 15 ዓመቱ ነው። በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ላስቲክ ሳይሄድም ያረጃል፤ በፀሐይ ይሰነጣጠቃል። ብዙ ፋብሪካዎች ከ10 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ጥርሱ ባያልቅም በመኪና ላይ እንዳይውል ይመክራሉ። «አዲስ ነው» ተብሎ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጎማ ሲሸጥላችሁ ቀለሙን አትዩ፤ አራቱን ቁጥር አንብቡ።

ጎማ ካለቀ በኋላ

ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል። ከመነዳሪው ውሃ መቅጃና መጫኛ ገመድ ይሆናል። ይህ መልካም ነው። ግን አሮጌ ጎማ ደጅ ተጥሎ ዝናብ እንዳይሞላው። በውስጡ የሚቆም ውሃ የትንኝ ማደሪያ ነው። በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ገብቶ ነበር። ያንን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ትራባለች። ጎማውን ብሱት፣ ወይም ከዝናብ ሥር አንሡት። አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን በማለዳ፣ ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ጎማችሁን ዙራችሁ አንብቡ። የእንስሳውንም ትከሻ አብራችሁ እዩ።

እንወያይ

1. የአንድ ጋሪ ጎማ መሐሉ ብቻ ቢያልቅ ምን ማለት ነው? ምንስ መደረግ አለበት?

2. ባለጋሪው የፈረሱ ቁስል ከጠፍሩ የመጣ መሰላቸው። እውነተኛው ምክንያት ምን ነበር?

3. አንድ ጎማ 12 ወር ማገልገል ሲገባው በ4 ወር አለቀ። በዚህ ዓይነት በ1 ዓመት ስንት ጎማ ይገዛል? በአካባቢያችሁ የአንድ ጎማ ዋጋ ስንት ነው? አባዙት።

4. በመንደራችሁ ያለ አንድ ጎማ ፈልጉ። አራቱን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ አምጡ። ዕድሜው ስንት ነው?

በሚቀጥለው ሳምንት የወፍጮ ቤት ሚዛን እንዴት እንደሚነበብ እናያለን። ደህና ሰንብቱ።